ቴርማል ካሜራ ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንጀራ ጋግራ የጨረሰች እናት እሳቱን አጥፍታ፣ ገና ጉልቻው ላይ ካለው ምጣድ ጎን መዳፏን በአንድ ስንዝር ርቀት ብታቆም ሙቀቱ ይሰማታል። ምጣዱ እንደ ፍም አልቀላም፤ ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ቢሆን ዓይኗ አያየውም፤ መዳፏ ግን የት እንዳለ ያውቃል። ያ መዳፍ ምስል መሥራት ቢችል ኖሮ ዛሬ በታንክ፣ በሄሊኮፕተርና በእግረኛ ወታደር ራስ ቁር ላይ የሚገጠመውን ቴርማል ካሜራ በሆነ ነበር።

ማንኛውም ነገር፣ በረዶ እንኳ ሳይቀር፣ እንደ ሙቀቱ መጠን ጨረር ይረጫል። ይህ ጨረር ታሕተ ቀይ ወይም ኢንፍራሬድ የሚባል ሲሆን፣ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ኸርሸል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ፣ ከቀዩ ቀለም ውጭ ምንም በማይታይበት ቦታ ያኖረው ቴርሞሜትር ሲሞቅ አገኘው። የሰው ገላ በብዛት የሚረጨው የሞገድ ርዝመቱ 10 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ገደማ የሆነውን ጨረር ነው፤ አየርም ከ8 እስከ 12 ማይክሮሜትር ያለውን ብዙም ሳይውጥ ያሳልፈዋል። ተራ መስታወት ግን አያሳልፈውም፤ ስለዚህ የካሜራው ሌንስ ብዙውን ጊዜ ጀርማኒየም ከተባለ ግራጫማ ንጥረ ነገር ይሠራል፤ በተዘጋ መስኮት በስተጀርባ የቆመውን ሰውም መሣሪያው አያየውም።

እዚህ ላይ «የሌሊት መነጽር» የሚለው የተለመደ ስያሜ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎችን ስለሚያደባልቅ መለየቱ ይገባል። አረንጓዴ ምስል በማሳየት የሚታወቀው የጨረቃንና የከዋክብትን ጭላንጭል ብርሃን የሚያጎላ በመሆኑ፣ ብርሃን ጨርሶ በሌለበት ዋሻ ውስጥ እንደ ዓይናችን ይታወራል። ቴርማሉ ግን ብርሃን አይፈልግም፤ በቀትርም፣ በጭስ ውስጥም ይሠራል።

ይህ ብልጫ በጉልህ የታየው በባሕረ ሰላጤው ጦርነት፣ በየካቲት 1983 ዓ.ም.፣ «73 ኢስቲንግ» በተባለው የታንክ ውጊያ ነው፤ በአሸዋ አውሎ ነፋስ ውስጥ የአሜሪካ ታንኮች የኢራቅን ታንኮች ሳይታዩ አይተው መትተዋቸዋል። አፓቼ ሄሊኮፕተር ላይ ደግሞ ካሜራው አፍንጫው ላይ ሆኖ የአብራሪውን ራስ ተከትሎ ይዞራል፤ አብራሪው ወደ ግራ ሲመለከት ካሜራውም ወደ ግራ ያያል፤ ምስሉም ቀኝ ዓይኑ ፊት በቆመች ትንሽ መስታወት ላይ ይታየዋል። እግረኛው ግን ብዙ ጠብቋል። የቀድሞው ስሜት ተቀባይ ክፍል እስከ 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ድረስ መቀዝቀዝ ያስፈልገው ስለነበር መሣሪያው ከባድ ነበር፤ ሳይቀዘቅዝ የሚሠራው፣ ማይክሮቦሎሜትር የተባለው ስሜት ተቀባይ ከመጣ ወዲህ ነው በእጅ የሚያዝና ትንሽ ድሮን የሚሸከመው የሆነው። አዲሶቹ የወታደር መነጽሮች ብርሃን ከሚያጎላውና ከቴርማሉ የሚገኙትን ሁለቱን ምስሎች አንድ ላይ አዋሕደው፣ የሰውን ቅርጽ በደማቅ መስመር ከበው ያሳያሉ።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያየው ሙቀትን ሳይሆን የሙቀት ልዩነትን ነው፤ በእኔ ግምት ብዙ ገለጻ የሚዘነጋው ይህንኑ ነው። በበጋ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ አመሻሽ ላይ ያቋረጠ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው ቋጥኝ ከመሸም በኋላ እንዴት እንደሚፋጅ ያውቃል፤ በዚያ ቋጥኝ ፊት የቆመ ሰው ከድንጋዩ እኩል የሚሞቅበት ሰዓት ላይ በምስሉ ውስጥ ይሟሟል። እንዲህ ያለው መመጣጠን ብዙውን ጊዜ በቀን ሁለቴ፣ ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ያጋጥማል። የጮቄን ተራራ የሚሸፍነው ዓይነት ወፍራም ጉምም ጨረሩን ስለሚበትነውና ስለሚውጠው እይታውን በእጅጉ ያሳጥረዋል።

የመደበቂያው ቴክኖሎጂም የሚሮጠው ወደዚሁ የሙቀት መመጣጠን ነው። በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሕዝብ የታየው «አዳፕቲቭ» የተባለ የስዊድን ሥራ፣ የብረት ለበስ ተሽከርካሪን ጎን ባለ ስድስት ማዕዘን ሰሌዳዎች ሸፍኖ እያንዳንዱን እንደ አካባቢው በፍጥነት ያሞቃል ወይም ያቀዘቅዛል፤ ሲፈለግም ተሽከርካሪው የቤት መኪና መስሎ እንዲታይ ያደርጋል። ሸራ መጣል ግን ብዙም አያዋጣም፤ ረመጥ የተዳፈነበት አመድ ቀስ በቀስ እንደሚሞቅ ሁሉ፣ ሞተር ላይ የተጣለ ሸራም ውሎ አድሮ ይሞቃል። ታንኩ ተነሥቶ ቢሄድ እንኳ የቆመበት መሬት፣ ሰውም ቢሆን የተቀመጠበት ድንጋይ፣ ሙቀቱን ይዞ ለጥቂት ጊዜ በምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይቆያል።