«በዘራችን ነው»፦ ስኳር ያለበትን ሰው ኩላሊት የሚጎዳ የዘር ተጋላጭነት ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከዚራም ይሁን መጋላ፣ ስኳር ያለበት ሰው ኩላሊቱ ሲታመም ዘመድ አዝማዱ ቶሎ የሚደርስበት ድምዳሜ «በዘራቸው ነው» የሚል ነው። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ክፋቱ፣ የሰማው ወንድም ወይም እህት «ዘሬ ከሆነማ ምን አደርጋለሁ» ብሎ ምርመራውን እርግፍ አድርጎ መተዉ ነው። የዘር ተጋላጭነት ማለት ሌላውን የማይጎዳ የስኳርና የደም ግፊት መጠን እርስዎን ቀድሞ ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ በቤተሰቡ ያለበት ሰው ከሌላው ይበልጥ ምርመራውን ሊያጠብቅ ይገባል።

ስኳር ካለባቸው አዋቂዎች ከ3ቱ የአንዱ ገደማ ኩላሊት ይጎዳል። ስኳሩ ለዓመታት ከፍ ብሎ ኩላሊቱ ደህና የሆነ ሰው አለ፤ ስኳሩን ተቆጣጥሮም የሚታመም አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ አነስተኛ ጥናት ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸውን ወንድማማችና እህትማማቾች ተመልክቶ ነበር። የመጀመሪያው ታማሚ ኩላሊቱ የተጎዳ ከሆነ፣ ስኳር ካለባቸው እህት ወንድሞቹ 83 በመቶው ላይ የኩላሊት ጉዳት ምልክት ተገኘ። የመጀመሪያው ኩላሊቱ ደህና ከሆነ ግን 17 በመቶው ላይ ብቻ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሆኖም አንድ ቤት ያደጉ ልጆች ከዘሩ ሌላ ገበታውንም ይጋራሉ፤ ጨው የበዛበትን ወጥ፣ በጨው የሚጠጣውን ቡና፣ ስኳር የተጨመረበትን ሻይ። የዘሩን ድርሻ ከገበታው ለይቶ መመዘን ከባድ የሆነው ለዚህ ነው።

ዘሩ የሚሠራው የት ነው? እያንዳንዱ ኩላሊት 1 ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። የማጣሪያው ወንፊት ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ስስ ሽፋን ነው፤ ስኳር ለዓመታት ሲበዛ ይህ ሽፋን ይወፍራል፣ ቀዳዳው ይበላሻል፣ በደም ውስጥ መቅረት የነበረበት አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ወደ ሽንት ያመልጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸውን ከ19,000 በላይ አውሮፓዊ ዝርያ ያላቸው ሰዎች የመረመረ ጥናት ያገኘው ዋና ነገር እዚሁ ወንፊት ላይ ያርፋል። ኮላጅኑን የሚሠራው «ኮል4ኤ3» የተባለ ጂን አንድ ዓይነት ለውጥ ሲኖረው ኩላሊቱን ከጉዳት ይከላከላል። ከዘር የሚመጣው ሁሉ ክፉ እንዳልሆነ ይህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሌላው ብዙ የተጠናው «ኤሲኢ» የሚባለው ጂን ነው፤ የሚሠራው ኤንዛይም የደም ሥርን ያጠባል፣ ግፊትን ይጨምራል። ኢናላፕሪል የሚባለው የግፊት መድኃኒት የሚያግደው ይህንኑ ኤንዛይም ነው። የጂኑን አጭር ዓይነት ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው ደሙ ውስጥ ኤንዛይሙ ከፍ ይላል፤ በኩላሊት ላይ ያለው ተጽዕኖ ግን መጠነኛ ነው። ለብቻው የሚወስን ጂን የለም። ትናንሽ ድርሻዎች ተደማምረው ነው ሚዛኑን የሚያዘነብሉት፤ ለስኳር ኩላሊት ተብሎ በገንዘብ የሚገዛ የጂን ምርመራ ለአብዛኛው ሰው ፋይዳ የሌለውም ስለዚህ ነው።

ኢንተርኔት ላይ «አፍሪካውያን አፖል1 የሚባል አደገኛ ጂን አላቸው» የሚል ጽሑፍ አንብበው የሚደነግጡ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቁት የዚህ ጂን ሁለት ለውጦች በተለይ በምዕራብ አፍሪካ የበዙ ናቸው፤ በዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ «የእንቅልፍ በሽታ» የተባለ ሕመምን አንድ ዓይነት ስለሚከላከሉ ነው የተስፋፉት። ኢትዮጵያውያን ላይ በተደረጉ ጥናቶች ግን ለውጦቹ አልተገኙም። ጂኑ በዋናነት የሚያያዘውም ስኳር ከሌለበት የኩላሊት ሕመም ጋር ነው።

የእኛ ምርጥ የጂን ምርመራ የቤተሰብ ታሪክ ነው፤ በደንብ ከተጠየቀ። «እማማ፣ አባባ ስኳር የጀመራቸው በስንት ዓመታቸው ነበር? ዓይናቸው ተጎድቶ ነበር? እጥበት ገብተዋል? ሽንታቸው ደም ይቀላቅል ነበር? ጆሯቸውስ?» የመጨረሻዎቹ ጥያቄዎች ትርፍ አይደሉም። ዓይኑ ንጹህ ሆኖ ኩላሊቱ የታመመ፣ ሽንቱ ደም ያለበት፣ በቤተሰቡ በወጣትነት የደነቆረ ሰው ካለ፣ ሕመሙ ስኳር ሳይሆን አልፖርት የተባለ የዚያው ኮላጅን የዘር በሽታ ሊሆን ይችላል። ከወላጅ ወደ ልጅ በ50 በመቶ ዕድል የሚተላለፍ ኩላሊትን በውኃ ከረጢት የሚሞላ በሽታም አለ፤ አልትራሳውንድ ያሳየዋል። ስኳርም ስላለ ብቻ ሁሉን በስኳር ማላከክ ሐኪምንም ያሳስታል።

የኩላሊት ምርመራው ዓይነት 2 ስኳር ላለበት ስኳሩ ከታወቀበት ቀን፣ ዓይነት 1 ላለበት ከ5 ዓመት በኋላ ይጀምራል፤ ከዚያ በየዓመቱ። ተራዋ የሽንት ወረቀት ተነክራ ቀለሟ ካልተቀየረ «ንጹህ ነው» ይባላል፤ ወረቀቷ ግን አልቡሚኑ በርከት እስኪል አታየውም። የሚያስፈልገው የአልቡሚንና የክሬአቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ቆሻሻ) ንጽጽር፣ በላብራቶሪ ቋንቋ ኤሲአር ነው። የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ይመረጣል። ውጤቱ በ1 ግራም ክሬአቲኒን ከ30 ሚሊግራም አልቡሚን በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ30 እስከ 300 ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከዚያ በላይ ከባድ ነው። ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የወር አበባ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የተሠራ ከባድ ስፖርት ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ስለሚያደርጉ፣ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ከ3 ናሙና 2ቱ ከፍ ካላሉ አይደመደምም። ኤሲአር በሁሉም ላብራቶሪ አይሠራም፤ ሽንት ይዞ ከመሄድ በፊት መጠየቅ ይሻላል። የደም ክሬአቲኒን ብቻውን አይበቃም፤ ጉዳቱ ሲጀምር ደህና ይመስላልና።

አልቡሚን ከተገኘ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን የሚባለው ሌላ የግፊት መድኃኒት ይታዘዛል፤ ሁለቱ አንድ ላይ አይወሰዱም። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ፖታሲየምና ክሬአቲኒን ይታያል፤ ክሬአቲኒኑ እስከ 30 በመቶ ቢጨምር መድኃኒቱን ለማቆም ምክንያት አይደለም። ለእርጉዝ ሴት ግን ሁለቱም አይሰጡም። ዳፓግሊፍሎዚን የሚባለው የስኳር መድኃኒትም የኩላሊትን መዳከም ያዘገያል። የግፊት ግብ ብዙ ጊዜ ከ130/80 በታች ነው።

በድሬ ሙቀት ሌላም ነገር ያስፈራል። ላብ ፈሳሹን ያደርቃል፣ ጫት ላይ የተቀመጠ ሰው ምግብና ውኃ ይረሳል፣ ወገቡን ሲያመው ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ገዝቶ ይውጣል። ኢናላፕሪል ላይ ያለ ኩላሊት ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ሲሸከም በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ትውከትና ተቅማጥ በያዘ ቀን ኢናላፕሪልና የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ለጊዜው መቆም ይኖርባቸው እንደሆነ ሐኪምን መጠየቅ ነው።

ድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታልም ይሁን ሐረር ሕይወት ፋና ለክትትል የሚሄድ፣ ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው፣ በቀጠሮው ቀን ስኳር ያለባቸውን እህት ወንድሞቹን ይዞ ይሂድ። ጤነኛ ነኝ የሚሉትም ስኳራቸውንና ግፊታቸውን ይለኩ።