የአገልግሎት ዘመን ምንድን ነው? የጡረታ መዋጮ መክፈል ከ45 ዓመት ዕድሜው በኋላ ለሚጀምር ሠራተኛ

በጡረታ ሕግ «የአገልግሎት ዘመን» የሚባለው የጡረታ መዋጮ በስምዎ የተከፈለበት ጊዜ ነው። ገላን ወይም ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት የለፋ ሰው መዋጮው የገባለት ለስድስት ዓመት ብቻ ከሆነ፣ በመዝገብ ላይ ያለው ስድስት ዓመት ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ የራሱን የጡረታ አዋጅ ያገኘው በ2003 ዓ.ም. (አዋጅ ቁጥር 715/2003) ነበር። አሁን በቦታው የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው።

መዋጮው ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ ነው። ደመወዙ 12,000 ብር ለሆነ ሰው 840 ብር ይቆረጣል፣ ድርጅቱ 1,320 ብር ይጨምራል። የጡረታ መውጫ ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 60 ነው። በዚያ ዕድሜ 10 ዓመት አገልግሎት የሞላው ሰው ዕድሜ ልኩን በየወሩ ጡረታ ያገኛል። ስሌቱ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ሆኖ፣ ከአሥር በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርበታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

ዘግይቶ የጀመረ ሰው ትኩረቱን ሁሉ ማድረግ ያለበት በዚህ የአሥር ዓመት ወሰን ላይ ነው። አማካይ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በ48 ዓመቱ ቢጀምር 12 ዓመት ያገለግላል፤ 32.5 በመቶ፣ ማለትም በወር 3,900 ብር ይደርሰዋል። በ50 ቢጀምር 3,600 ብር። በ51 ቢጀምር ግን 60 ሲሞላው በእጁ ያለው 9 ዓመት ነውና ወርሃዊ ጡረታ የለውም። ዳረጎት የሚባለውን የአንድ ጊዜ ክፍያ ተቀብሎ ይሰናበታል። በ48 እና በ50 መካከል ያለው ልዩነት 300 ብር ሲሆን፣ በ50 እና በ51 መካከል ያለው ግን የዕድሜ ልክ ገቢ ነው። የሟች ሚስት ወይም ባል የጡረታውን ግማሽ የማግኘት መብትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ሃምሳ የተጠጋ ሰው አዲስ ሥራ ሲያገኝ ከደመወዙ በፊት «ጡረታ ይቆረጣል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ጡረታ ከሌለው የ14,000 ብር ሥራ ጡረታ ያለው የ12,000 ብር ሥራ ይሻለዋል።

አሥሩ ዓመት በአንድ ድርጅት መሞላት የለበትም። ከተለያዩ አሠሪዎች ጋር መዋጮ እየተከፈለ የሠሩት ይደመራል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገሉትም እንዲሁ። ድሮ አራት ዓመት ያስተማረ፣ ዛሬ አቃቂ ቃሊቲ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ የ53 ዓመት ሰው ጊዜው ያለፈ ይመስለዋል። አራቱን ዓመት በማስረጃ ካቀረበ ግን የሚቀረው ስድስት ነው፤ 60 ሳይሞላው ይደርሳል። ከ60 በኋላ ሠርቼ አሟላለሁ ብሎ ማቀድ ግን አይገባም።

አሁን ወደ ደመወዝ ወረቀቱ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። መዋጮ የሚሰላው በመደበኛው ደመወዝ ላይ እንጂ በትራንስፖርት አበል፣ በቤት አበል ወይም በትርፍ ሰዓት ክፍያ ላይ አይደለም። አንዳንድ ድርጅት ለሠራተኛው 12,000 ብር እየከፈለ በፔሮል ላይ 5,000 ብር ደመወዝ፣ ቀሪውን 7,000 አበል አድርጎ ይጽፋል። ሠራተኛውም የሚቆረጥበት ከ840 ወደ 350 ብር ስለሚወርድለት ደስ ይለዋል። አሥር ዓመት ቆይቶ ጡረታው ሲሰላ ግን የ5,000 ብር 30 በመቶ፣ ማለትም 1,500 ብር ይሆናል። በወር 490 ብር ያተረፈ መስሎት በየወሩ 2,100 ብር አጣ ማለት ነው። አማካዩ የሚወሰደው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ነውና፣ 57 ዓመት ከመሙላትዎ በፊት አበሉ ወደ ደመወዝ እንዲገባ መደራደር ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ችግር የተቆረጠው ገንዘብ አለመግባቱ ነው። በወረቀቱ ላይ «ጡረታ 7%» ተብሎ መቀነሱ ብቻውን አገልግሎት አያስቆጥርም። የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይጠይቁና ቅርብ ወደሚገኘው የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ሄደው በስምዎ የገባውን ያረጋግጡ። በየዓመቱ አንዴ ማድረጉ ይበቃል። አሠሪው ሳይቆርጥ ቢቀር ዕዳው የራሱ ነው፤ ሆኖም ድርጅቱ ተዘግቶ ባለቤቱ ከጠፋ በኋላ ይህን ማስከበር እጅግ አድካሚ ነው።

ዕድሜም አለ። የሚቆጠረው መጀመሪያ ሲቀጠሩ ያስመዘገቡት ነው፤ በኋላ ከቀበሌ የሚመጣ ሌላ መታወቂያ አይለውጠውም። ሥራ ለማግኘት ብሎ ሦስት ዓመት የጨመረ ሰው ጡረታ የሚወጣው በእውነተኛ ዕድሜው 57 ላይ ነው። ለዘገየ ሰው ሦስት ዓመት ማጣት አሥሩን ሳይሞሉ መቅረት ሊሆን ይችላል።

ከመዋጮው ጎን የራስ ቁጠባ ያስፈልጋል፤ 3,900 ብር ብቻውን ቤት አያቆምም። በወር 1,000 ብር በ7 በመቶ ወለድ ለ12 ዓመት ቢቀመጥ፣ ወለዱ በየወሩ እየታሰበ ወደ 225,000 ብር ይደርሳል፤ ከዚህ 144,000ው የራስዎ ገንዘብ ነው። የዋጋ ንረቱ ለዓመታት ከ7 በመቶ በላይ ሆኖ ስለቆየ ግን ይህ ገንዘብ አቅሙን ይዞ አይቆይም። በቡራዩና በሱሉልታ ብዙ ሰው ግቢው ውስጥ አንድ ሁለት ክፍል ሠርቶ ማከራየትን የሚመርጠው ለዚህ ነው፤ ኪራይ ከኑሮው ጋር አብሮ ይጨምራል። ይህ የሚያዋጣው ግን ይዞታው ካርታ፣ ግንባታው ፈቃድ ሲኖረው ነው። በውል ብቻ በተገዛ መሬት ላይ የእርጅናን ጥሪት ማፍሰስ አይመከርም። እቁብ ደግሞ ለቆርቆሮና ለብሎኬት መግዣ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ስለሚያስገኝ ይጠቅማል፤ ወለድ ስለሌለው ግን የ12 ዓመት ማስቀመጫ አይሆንም።

ሥራ በለቀቁ ቁጥር የቅጥር ደብዳቤውን፣ ደመወዝና የአገልግሎት ጊዜ በቀን የተጻፈበትን የሥራ ልምድ ወረቀትና የመጨረሻውን የደመወዝ ወረቀት ቅጂ ይዘው ይውጡ። የጋብቻና የልጆች ልደት የምስክር ወረቀትም ከነዚሁ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ፤ ያለበትንም ቦታ የትዳር ጓደኛዎ ይወቅ።