ኦርካ ምንድን ነው? አያት የምትመራው የባሕር ቤተሰብ

ሐይቅ ከተማ ቁጭ ብሎ ቆሮሶ የበላ ሰው ዓሣን የሚያውቀው በሳህን ልክ ነው። ባለፈው ደሴ አያቴ ቤት ቡና ላይ ሆነን፣ በስልኬ የኦርካ ቪዲዮ ለእማማ አሳየኋቸው። አንዱ ወንድ እስከ 8 ሜትር ሊረዝም ይችላል ስላቸው ጀበናውን አስቀመጡት። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉኝ። መልሴ ከአቦል እስከ በረካ ወሰደ።

ኦርካ ዓሣ አይደለም። በሳንባ ይተነፍሳል። ይወልዳል፤ ያጠባል። የዶልፊን ወገን ሲሆን ከዶልፊኖች ሁሉ ትልቁ ነው። ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ ነው። ከዓይኑ ከፍ ብሎም ነጭ ምልክት አለው። የወንዱ የጀርባ ክንፍ ብቻውን 1.8 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከሰሜን ዋልታ እስከ ደቡብ ዋልታ ባሉ ውቅያኖሶች ይገኛል። «ገዳይ» የሚል ስም ያወጡለት ዓሣ ነባሪ ሲያድን ያዩት መርከበኞች ናቸው። በነፃ ባሕር የሚኖር ኦርካ ሰው ገደለ የሚል የተረጋገጠ ታሪክ ግን የለም።

እኔን የሚገርመኝ ጥርሱ ሳይሆን ቤተሰቡ ነው። ስለ ቤተሰባቸው በደንብ የሚታወቀው በካናዳና በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ስለሚኖሩት፣ ሳልሞን የተባለውን ዓሣ ስለሚበሉት ኦርካዎች ነው። ማይክል ቢግ የተባለ ካናዳዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እያንዳንዱን በጀርባ ክንፉ ቅርጽና ጠባሳ እየለየ በፎቶ መመዝገብ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። ሴቷም ወንዱም ዕድሜ ልካቸውን ከእናታቸው አይለዩም። ወንዱ ከሌላ ቡድን ሴት ጋር ይገናኝና ተመልሶ እናቱ ጎን ይዋኛል። የሚወለደው ልጅ የሚያድገው በእናቱ ቤት ነው።

እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ዘዬም አለው። ልጁ ከእናቱና ከዘመዶቹ እየሰማ ይማረዋል። ሰኞ ባቲ ገበያ የዋለ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሻጩ አፉን ሲከፍት አገሩ ይታወቃል። እዚያው ውሃ ውስጥ ደግሞ ዓሣ የማይነኩ፣ እንደ ባሕር አንበሳ ያሉ አጥቢዎችን የሚያድኑ ሌሎች ኦርካዎች አሉ። እነዚህ ሲያድኑ ዝም ይላሉ፣ ታዳኙ ይሰማቸዋልና። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ባሕር እየኖሩ አይጋቡም።

አሁን ወደ አያቲቱ እንምጣ። ሴት ኦርካ 40 ዓመት ገደማ ሲሆናት ታርጣለች። ከዚያ በኋላ ግን ገና ብዙ ትኖራለች፤ 80 ዓመት የሚደርሱ አሉ። መውለድ ካቆሙ በኋላ እንዲህ ረጅም ዕድሜ የሚኖሩ ፍጥረታት በጣም ጥቂት ናቸው። እኛ ሰዎች አንዱ ነን። ታዲያ ያረጠችው ምን ትሠራለች? እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት መልሱን ሰጠ። ቡድኑን ከፊት ሆነው የሚመሩት እነሱ ናቸው፤ በተለይ ሳልሞን በጠፋበት ዓመት። በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ30 ዓመት በላይ የሆነ ወንድ እናቱ ስትሞትበት በቀጣዩ ዓመት የመሞት ዕድሉ 14 እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳየ። ያን የሚያህል ጎልማሳ!

ይህን ስነግራቸው እማማ ዝም አሉ። ቆይተው «በሰባ ሰባት የቱ ምንጭ እንዳልደረቀ፣ የቱ ቅጠል እንደሚበላ የሚያውቁት አማቴ ነበሩ» አሉ። «እኛ ጉልበት ነበረን እንጂ መንገዱን አናውቅም ነበር።» እኔ ከጥናቱ ያነበብኩትን እሳቸው ኖረውታል።

ግን ዓሣው ራሱ ካለቀ መንገድ ማወቅ ብቻውን አያበላም። ግድቦችና የተበላሹ ወንዞች ሳልሞኑን አሳንሰውታል። የመርከብ ጫጫታ ደግሞ በድምፅ የሚያድኑትን ኦርካዎች ያውካቸዋል። ከእነዚህ ሳልሞን በሎች ደቡባዊውን ቡድን አሜሪካ በ2005 ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ አስገብታዋለች። ዛሬ ቁጥራቸው 80 አይሞላም።

ከእነሱ አንዷ ታሌኳ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የወለደቻት ሴት ልጇ ወዲያው ሞተችባት። ሬሳዋን በግንባሯ እየገፋች፣ ሲሰጥምም ጠልቃ እያወጣች 17 ቀን ይዛው ዋኘች። ርቀቱ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። እማማ ከዚህ በኋላ በረካውን ቀዱና «ሌላ ልጅ የላትም?» ብለው ጠየቁኝ። አላት። በ2010 እና በ2020 የተወለዱ ሁለት ወንዶች።