ወላጅ ፈረመ ማለት ልጁ ተስማማ ማለት አይደለም

እዚህ ባሕር ዳር ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁት፦ ለኦቲዝም ጥናት እኔ ከፈረምኩ የልጄ ፈቃድ ለምን ይፈለጋል? ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የወላጅ ፊርማ ግድ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ጥናት የሚመራበት ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ሰነድ፣ የሄልሲንኪ መግለጫ፣ ሐሳቡን መግለጽ የሚችል ልጅ እሺታው እንዲጠየቅ፣ እምቢታውም እንዲከበር ይላል።

እምቢታ ደግሞ የግድ በቃል አይመጣም። አጥኚዋ መቅረጸ ድምፁን ስታበራ የማይናገር ልጅ ጆሮውን ይዞ ወደ በሩ ከሄደ፣ እንደ እምቢታ ይቆጠራል። በብስኩት እያባበሉ መቀጠል በጣም ያሳዝናል፤ ልክም አይደለም። መሣሪያውን አጥፍታ ታሳርፈው፣ ቆይታ በሥዕል ካርድ ትጠይቀው። አሁንም ካልፈለገ እዚያው ያበቃል፤ ሕክምናው አይቋረጥበትም።

ከስንት ዓመት ጀምሮ እሺታው በጽሑፍ ይሁን የሚለው ጥናቱን እንደሚያጸድቀው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይለያያል። ጥናቱን ተረድቶ መወሰን የሚችል ኦቲዝም ያለበት አዋቂ ግን የሚፈርመው ራሱ ነው።