ሲጋራና የመንግሥት ቢሮ በሰሜን ሸዋ

የሰሜን ሸዋ ዞን መቀመጫ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰረስራል፤ ቢሮ ውስጥ መስኮት የሚከፍት የለም። አንድ ሰው ሲጋራ ከለኮሰ ጭሱ ቀኑን ሙሉ እዚያው ይውላል።

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጸደቀች። ዛሬ የሚሠራበት ሕግ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። በሥራ ቦታ፣ ሕዝብ በሚገለገልበት ቤትና በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። ከበርና ከሚከፈት መስኮትም 10 ሜትር መራቅ ግድ ነው። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ሲጋራ መሸጥንም የከለከለው ይኸው አዋጅ ነው።

ፈተናው ያለው 10 ሜትሩ ላይ ነው። ጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት የቢሮ ግድግዳ ሥር ሁሉም ይሰበሰባል፤ ተራ የሚጠብቀው ባለጉዳይም፣ «አንዴ ላጭስ» ብሎ የወጣው ሠራተኛም። አሥር ሜትር ደህና አሥራ ሦስት እርምጃ ነው። አጫሹ ግን ሦስት አራቱን ረግጦ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ጥላ ነዋ!

መጠጥ ቤት ጭስ ያስመረረው ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ውልቅ ይላል። የይዞታ ካርታ ፈልጎ ከመንዝ ድረስ የመጣ ገበሬ ወይም ልጅ አዝላ ለልደት ምስክር ወረቀት የተሰለፈች እናት ግን የት ይሄዳሉ? ለእኔ ክልከላው ከሌላ ቦታ ይልቅ በመንግሥት ቢሮ ጥብቅ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። የሌላ ሰው ጭስ ለልብ ሕመምና ለሳንባ ካንሰር ይዳርጋል፤ ሕፃናትን ደግሞ ለሳንባ ምችና ለአስም ያጋልጣል። ማናፈሻ ቢገጠምም አደጋውን አያስቀረውም።

አገሬው ትምባሆን ድሮም አይወድም። በመናፍቅነት የተወገዘው አርዮስ ሆዱ ተዘርግፎ በሞተበት ቦታ የበቀለች ቅጠል ናት እየተባለ ሲወራ ኖሯል። አፄ ዮሐንስ 4ኛም የሚያጨስ ሰው ከንፈር ያስቆርጡ ነበር ይባላል። አጫሹም ቢሆን ጥቂት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ከ100 አዋቂ 5 ያህሉ ነበር።

ታዲያ ለምን ዝም ይባላል? ይሉኝታ ነው። ፊርማ የሚጠብቅ ሰው ፈራሚውን «እባክዎ ራቅ ይበሉ» ለማለት አንደበቱ ይታሰራል። በሩ ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከሥሩ የተቀመጡት አዛውንት በጋቢያቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ሸፍነው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።