የትምህርት ቤት የአእምሮ ጤና አማካሪ ለመሆን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የተማሪዎችን ጭንቀት፣ ሐዘንና የቤት ችግር የሚከታተል ባለሙያ ለመሆን በአብዛኛው ማስተርስ ይጠየቃል። ከእኛ ማኅበረሰብ ብዙ ሰው ወደዚህ ሙያ ቢገባ እመኛለሁ። በየሰርጉና በየለቅሶው የምሰማቸው አንዳንድ አባባሎች ግን ሰውን ገና ከደጃፉ የሚመልሱ ናቸው።

«ምክር መስጠት ማን ያቅተዋል? ለዚህ ማስተርስ ምን ያደርጋል?»

ሽማግሌ ያስታርቃል፣ የንስሐ አባት ያጽናናል፣ አክስት ትመክራለች። ይህ ትልቅ ሀብታችን ነው። የካውንስሊንግ (የሙያዊ ምክር አገልግሎት) ሥልጠና ግን የሚጀምረው ለመምከር መቸኮልን በማስተው ነው። ሠልጣኙ መጀመሪያ የሚለማመደው ማዳመጥን፣ ዝምታን መታገሥን፣ ልጁ የተናገረውን በትክክል መረዳቱን ማረጋገጥን ነው። ልምምዱ ብዙ ጊዜ ይቀረጻል፤ ከዚያ ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብለው እያንዳንዱ ጥያቄ ለምን እንደተጠየቀ ይመረምራሉ።

ካክሬፕ የተባለው የካውንስሊንግ ፕሮግራሞች መዛኝ ተቋም ቢያንስ 60 የሴሚስተር ክሬዲት ይጠይቃል። በዚያ ውስጥ 100 ሰዓት ፕራክቲከም (የመጀመሪያ የተግባር ልምምድ) እና 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ (በሥራ ቦታ የሚደረግ ረዘም ያለ ልምምድ) አለ። ከኢንተርንሺፑ ቢያንስ 240 ሰዓቱ በቀጥታ ሰዎችን እየረዱ የሚሠራበት ነው፤ በየሳምንቱም ሥራውን የሚገመግም ሱፐርቫይዘር ይኖራል።

ብዙ ሰው «ልጅን ስለ ራስ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባበታል» ብሎ ይፈራል። ጥናቶች የሚያሳዩት መጠየቁ ያንን ሐሳብ እንደማያመጣ ነው፤ እንዲያውም ልጁ ብቻውን የተሸከመውን ለመናገር ዕድል ያገኛል። ስለዚህ ሠልጣኙ ሳይሸፋፍን መጠየቅን ይማራል፦ አስቦ ያውቃል ወይ? ዕቅድ አለው ወይ? ቤት ውስጥ በቀላሉ የሚያገኘው የጦር መሣሪያ ወይም መድኃኒት አለ ወይ? ቀጥሎ ከቤተሰቡ ጋር የደኅንነት ዕቅድ ያወጣል። ደግ ልብ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ማድረግ አይችልም፤ በልምምድ የሚመጣ ነው።

«ካውንስለር፣ ሳይኮሎጂስት፣ ሶሻል ወርከር ያው ነው»

ሦስቱም ትምህርት ቤት ውስጥ ይገኛሉ፤ የሚወስዱት ትምህርት ግን ይለያያል። ስኩል ካውንስለር (የትምህርት ቤት አማካሪ) የትምህርት ጉዞን፣ የሥራ ምርጫንና የተማሪውን ስሜት አንድ ላይ ይዞ ይሠራል፤ የሚሰጠው የአጭር ጊዜ እርዳታ ነው፣ ረጅም ሕክምና የሚያስፈልገውን ልጅ ደግሞ ከትምህርት ቤት ውጭ ወዳለ ባለሙያ ሪፈር ያደርጋል። ስኩል ሳይኮሎጂስት በምዘና የተካነ ነው፣ በተለይ ከልዩ ፍላጎት ትምህርት ጋር በተያያዘ፤ ሥልጠናው ከማስተርስ ከፍ ይላል፣ 1,200 ሰዓት ኢንተርንሺፕም አለው። ሶሻል ወርከር ልጁን ከቤተሰቡ፣ ከቤት ኪራዩና ከምግቡ ጋር አያይዞ ያያል፤ ማስተርሱ ቢያንስ 900 ሰዓት የመስክ ሥራ ይጠይቃል። የትኛውን እንደሚፈልጉ ሳይለዩ ማመልከት ገንዘብም ዕድሜም ያባክናል።

«ሳይኮሎጂ ያልተማረ አይገባም»

ብዙ የካውንስሊንግ ፕሮግራሞች በማንኛውም የትምህርት መስክ የተገኘ የመጀመሪያ ዲግሪ ይቀበላሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተገኘ ዲግሪም በትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ተመዝኖ ሊያገለግል ይችላል። አገር ቤት አስተማሪ የነበረ ሰው ደግሞ የክፍል ልምዱ ትልቅ ስንቅ ነው።

«ኦንላይን ስለሆነ ሥራዬን ሳላቆም እጨርሰዋለሁ»

ንድፈ ሐሳቡን በማታ መማር ይቻላል። ኢንተርንሺፑ ግን ልጆቹ ባሉበት ሰዓት ማለትም በቀን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አይከፈልበትም። 600 ሰዓት በሳምንት ሁለት ሙሉ ቀን ቢሠራ እንኳ አንድ የትምህርት ዓመት ይፈጃል። ለቤተሰብ የሚልክ፣ ኪራይ የሚከፍል ሰው ይህን ከመጀመሪያው ማስላት አለበት። ዩኒቨርሲቲው የልምምድ ቦታ ያፈላልግ እንደሆነ ወይም ፍለጋውን ለተማሪው ይተው እንደሆነ ሳይጠይቁ መመዝገብ የለብዎትም።

«ዲግሪው ካለ ላይሰንሱ አብሮ ይመጣል»

አይመጣም። ትምህርት ቤት ውስጥ ለመሥራት የሚያስፈልገው ፈቃድ የሚሰጠው በየግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ነው፤ ከትምህርት ቤት ውጭ ራስን ችሎ ለማከም የሚያስፈልገው ላይሰንስ ሌላ ነው። ለምሳሌ ቨርጂኒያ ለሁለተኛው ከማስተርስ በኋላ በሱፐርቪዥን ሥር 3,400 ሰዓት መሥራትን ትጠይቃለች። የሌላው ግዛት ደንብ ይለያል።

«ካውንስለር የቤት ገመና ለመንግሥት ያወራል»

ይህ ፍርሃት ልጆቻችንን ከእርዳታ ስለሚያርቅ በጣም ያሳዝነኛል። ሠልጣኙ የምሥጢር ጥበቃን ሕግና ሥነ ምግባር በጥብቅ ይማራል። ምሥጢር የማይጠበቅበትም ጊዜ አለ፦ ልጁ ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ሲል፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ እንዲሁም ልጅ እየተበደለ ነው የሚል ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሲኖር። በዚህ በመጨረሻው ጉዳይ የትምህርት ቤት ባለሙያዎች ሪፖርት የማድረግ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። የወላጆች ጠብ፣ የገንዘብ ችግር ወይም የልጅ እንቢተኝነት በራሱ ሪፖርት የሚደረግ ነገር አይደለም። ካውንስለሩ እነዚህን ወሰኖች ገና ከመጀመሪያው ለልጁም ለወላጁም ማስረዳት ይጠበቅበታል። ወላጁ እንግሊዝኛ የማይችል ከሆነ ማስረዳቱ በደንብ በሚችል አስተርጓሚ መሆን አለበት፤ ስለ ራሱ የሚነገረውን ልጁ እንዲያስተረጉም ማድረግ ተገቢ አይደለም።