ሙላቱ አስታጥቄ እና ኢትዮ-ጃዝ

የኢትዮጵያን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር ያዋሃደውን ኢትዮ-ጃዝን የቀየሱት ሙዚቀኛ ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጅማ ተወለዱ። ወደ ዌልስ የተላኩት ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ሙዚቃው አሸነፈና ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ገቡ፤ ከዚያም ቦስተን ወደሚገኘው በርክሊ ተሻግረው የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆኑ። በ1966 ኒው ዮርክ ላይ «አፍሮ-ላቲን ሶል»ን በሁለት ሸክላ አወጡ፤ በ1972 ደግሞ እዚያው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»ን ቀረጹ።

የሥራቸው ቁልፍ ቅኝት (ዜማው የሚሠራበት የድምፆች ስብስብ) ላይ ነው። ከቅኝቶቹ አንዱ የሆነው ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋ እና ሲ የሉበትም። የጃዝ ፒያኒስት በልማድ የሚመታው የሶል ሰባተኛ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ግን ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ ነው። ያንን ከዜማው ሥር ያስገባ ሰው ሁለቱንም ባዕድ ድምፆች በአንዴ አስገባ ማለት ነው፤ ትዝታው ተራ ሜጀር ሆኖ ያርፋል። ሙላቱ ዜማውን በአምስቱ ድምፆች ይዘው፣ ኮርዱን ቅኝቱን በማይውጥ መጠን ከሥሩ ያነጥፉለታል። አንቺሆዬ የተባለው ቅኝት ከዚህ ይለያል። ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ሲሆን፣ ሶል ፍላት፣ ላ እና ዶ ብቻቸውን ዲሚኒሽድ ኮርድ (ድምፆቹ በሦስት በሦስት ግማሽ ድምፅ የሚራራቁበት) ይሠራሉ፤ ከውጭ መበደር አያስፈልግም። ደቡብ የሚኖሩት ደራሼዎች ዲሚኒሽድ ስኬልን (ሙሉና ግማሽ ድምፅ የሚፈራረቅበትን መሰላል) ከዘመናዊው ጃዝ በፊት ይጫወቱት እንደነበር ሙላቱ ደጋግመው ያነሳሉ።

ሙላቱ የሚጫወቱት ቫይብራፎንም (በመዶሻ የሚመቱ ብረቶች ያሉት መሣሪያ) የራሱ ጣጣ አለው። ፔዳሉ ተረግጦ ሲቆይ የብረቶቹ ድምፅ አይቆረጥም። በትዝታ ሜጀር ይህ ያምራል፤ አምስቱ ድምፆች አብረው ቢጮኹ አይጋጩም። በአምባሰል ቅኝት ግን ዶ እና ሬ ፍላት ጎን ለጎን ስለሆኑ ፔዳሉ በየድምፁ ካልተለቀቀ ዜማው ይደፈርሳል።

«የኢትዮ-ጃዝ አባት» የሚለው ማዕረግ ለእሳቸው የተገባ ነው። ሆኖም የሙዚቃ አቀናባሪው ኔርሰስ ናልባንዲያን ቀደም ብለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የአገሩን ዜማ ለኦርኬስትራ ያቀናብሩ ስለነበር፣ ቀዳሚነቱን ለናልባንዲያን የሚሰጡም አሉ ይባላል። ጌታቸው መኩሪያም ሽለላን በሳክስፎን ተጫውተዋል።

በ1973 አሜሪካዊው የጃዝ ባንድ መሪ ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጥተው ከሙላቱ ጋር ተገናኙ። በ1974 ሸክላ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ የሙላቱን «የካቲት» አልበም አሳተመ። ከአብዮቱ በኋላ የሰዓት እላፊው የምሽቱን ሙዚቃ አዳከመው።

በ1998 የኢትዮጵያ ሙዚቃ የአልበም ስብስብ የሆነው የ«ኢትዮፒክስ» አራተኛው ቅጽ ሥራዎቻቸውን ለዓለም አደረሰ፤ በ2005 የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የጂም ጃርሙሽ ፊልም የሙላቱን «የከርሞ ሰው»ንና «የግሌ ትዝታ»ን አሰማ። በሃርቫርድ በነበሩበት ጊዜ በአምስትና በስድስት አውታር የተወሰነውን ክራር ከአንድ ቅኝት በላይ እንዲጫወት ለማሻሻል ሠርተዋል። በርክሊ በ2012 የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል፤ አዲስ አበባ ጊዮን ሆቴል ውስጥም የአፍሪካ ጃዝ መንደርን መሥርተዋል።